ከዳር ቆሞ ወይስ አብሮ ተጉዞ? የሬዲዮ ጀልባን ሐይቅ ስለ ማሻገር

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ርዝመቷ 1 ሜትር፣ ክብደቷ ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ፣ በሸራ የምትሄድና በሪሞት የምትመራ ሞዴል ጀልባ ከፋይበር ግላስ ሠርቻለሁ። በኩሬ ላይ ሞክሬያት ጥሩ ሄዳለች። አሁን እዚሁ ወሎ ውስጥ ሐይቅ በሚል ስም የሚጠራውን ውሃ፣ ከሐይቅ ከተማ በኩል ካለው ዳርቻ ወደ ምሥራቁ ማዶ ላሻግራት አስቤአለሁ። ሪሞቱን የሸጠልኝ ሰው እስከ 1 ኪሎ ሜትር ይሠራል ብሎኛል። ከዚህ የበለጠ ጉልበት ያለው ሪሞት ብገዛ ከዳር ቆሜ ላሻግራት እችላለሁ? በውሃው ላይ አስጋሪዎችና ሰው የሚያመላልሱ የሞተር ጀልባዎች ስላሉስ ምን ልጠንቀቅ?»

ምላሽ፦ አብሽር ወንድሜ፤ ያሰብኸው ነገር የሚቻል ነው፤ ጀልባህም እንደ ነገርኸኝ ከሆነ ለዚህ ጉዞ የምታንስ አይደለችም። ነገር ግን ገንዘብህን በሌላ ሪሞት ላይ አታውጣ። ሐይቅን በመሰለ ሰፊና ሰው የሚሠራበት ውሃ ላይ ሞዴል ጀልባን የሚወስነው የሬዲዮው ርቀት ሳይሆን የነጂው ዓይን የሚደርስበት ርቀት ነው፤ ዓይን ደግሞ በገንዘብ አይረዝምም። ስለዚህ መልሴ ከዳር ቆመህ አታሻግራት፣ በሌላ ጀልባ ተሳፍረህ አጠገቧ እየተጓዝህ አሻግራት የሚል ነው። ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳህ፤ ምክንያቱን ካላወቅህ ምክሩ የፈሪ ምክር ይመስልሃልና።

ጤነኛ የሰው ዓይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር ከአንድ ዲግሪ 60ኛው ክፍል ያህል ነው። ርዝመቷ 1 ሜትር የሆነ ጀልባ በ500 ሜትር ርቀት ላይ ጎኗን ሰጥታህ ብትሄድ እንኳ የዚህ 7 እጥፍ ያህል ብቻ ናት። ሸራዋን እንደ ነጭ ነጥብ ታየዋለህ፤ አፍንጫዋ ወዴት እንደ ዞረ፣ ሸራዋ በየትኛው ጎን እንደ ተነፋ፣ ወዴት እንደ ዘመመች ግን አታውቅም። ወደ አንተ ስትመጣ ደግሞ ግራና ቀኙ ይገለበጣል፤ አንተ ወደ ቀኝ ስታዝዛት እርሷ ወደ ግራህ ትዞራለች። በኩሬ ላይ ይህ በልምምድ የሚለመድ ነገር ነው። በ500 ሜትር ላይ ግን እየሄደች ይሁን እየመጣች ማወቅ ስለማትችል ልምምዱ ዋጋ ያጣል። በእኔ አስተያየት ለ1 ሜትር ጀልባ በአስተማማኝ ሁኔታ ከዳር የሚነዳበት ርቀት ከ150 ሜትር አያልፍም፤ በማለዳ ጭጋግና በውሃ ላይ በሚያንጸባርቅ ፀሐይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ይህን የምጽፈው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት ሞዴሌን ከዳር ቆሜ ርቃ እስክትሄድ ለቀቅኋት፤ አንድ የአስጋሪ ጀልባ በመካከል ሲያልፍ ሸፈናት፤ እንደገና ስትታይ የምትመለስ መስሎኝ መሪዋን አዞርሁ። ለካስ እየሄደች ነበርና ያዞርኋት በቀጥታ ወደ ተዘረጋ መረብ ነበር። አስጋሪው ጀልባዋን ለማውጣት መረቡን መቁረጥ ግድ ሆነበት። የመረቡን ዋጋ ከፈልሁ፤ የጠፋበትን የሥራ ቀን ግን ልከፍለው አልቻልሁም። ሬዲዮው በዚያች ቅጽበት ፍጹም ደኅና ነበር፤ እያንዳንዱን ትእዛዝ ተቀብሎ ፈጽሟል፤ የተሳሳተው ትእዛዙ ነበር።

የሻጩን 1 ኪሎ ሜትር በተመለከተ፣ ሰውየው ዋሽቶሃል አልልም። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚነገረው ተቀባዩ ከመሬት ከፍ ብሎ ሲሆን፣ ለምሳሌ በሚበርር ሞዴል ላይ ነው። የዛሬዎቹ ሪሞቶች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። በዚህ ሞገድ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ምልክት ሳይዳከም እንዲያልፍ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ከቀጥታው መስመር ዙሪያ ወደ 5.6 ሜትር የሚጠጋ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። አንተ ሪሞቱን ከውሃው 1 ሜትር ተኩል ከፍ አድርገህ ብትይዘው፣ የጀልባዋ አንቴና ደግሞ ከውሃው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ፣ መስመሩ ውሃውን እየታከከ ያልፋል። ከውሃው ላይ ነጥሮ የሚመጣው ምልክት ቀጥታ የሚመጣውን ያጠፋዋል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ጉልበት በ4 እጥፍ መቀነሱ ቀርቶ ወደ 16 እጥፍ ወደሚሆን መቀነስ ይሄዳል። ለዚህም ነው የሪሞቱን ጉልበት ማብዛት የሚጠበቀውን ያህል የማይጠቅመው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው የተቀባዩን አንቴና ከውሃው መስመር በላይ፣ ከባትሪውና ከካርቦን ከተሠራ ዕቃ ርቆ፣ ሽቅብ ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው፤ 2.4 ጊጋኸርዝ ውሃ ውስጥ ወዲያው ይዋጣልና አንቴናውን በጀልባዋ ሆድ ሥር የሚያጋድም ሰው ጀልባዋ ስትዘምም ምልክቱን ያጣዋል። ኒኮላ ቴስላ በ1898 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የመጀመሪያውን የሬዲዮ ጀልባ ለሕዝብ ሲያሳይ ጀልባዋ የነበረችው በገንዳ ውስጥ፣ እርሱም ከገንዳው አጠገብ ነበር። ይህ ጥበብ ከጅምሩ ነጂና ጀልባ የሚተያዩበት ጥበብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ፣ ወደ ሌሎች ጀልባዎች ልምጣ። ባሕረኞች የግጭትን አደጋ የሚያውቁበት አንድ ቀላል ዘዴ አለ፦ ወደ አንተ የሚቀርበው ጀልባ ከአንተ አንጻር ያለበት አቅጣጫ ካልተለወጠ፣ እየቀረበም ከሆነ፣ ትጋጫላችሁ፤ አቅጣጫው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከሸሸ ትተላለፋላችሁ። ይህ ዘዴ ግን የሚሠራው ተመልካቹ በጀልባው ላይ ሲሆን ነው። ከዳር የቆመ ሰው የሚያየው ከራሱ እግር የሚነሣ አቅጣጫ እንጂ ከሞዴሏ የሚነሣ አይደለም። ሁለት ጀልባዎች በዓይኑ ሲደራረቡ በመካከላቸው 2 ሜትር ይኑር 200 ሜትር ሊያውቅ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብም እያንዳንዱ ጀልባ በዓይንና በጆሮ የሚጠብቅ ሰው ምንጊዜም እንዲኖረው ያዝዛል። ያው ደንብ በብዙ ሁኔታ ለባለ ሸራ ጀልባ ከባለ ሞተሩ ይልቅ ቅድሚያ ይሰጣል፤ አንተ ግን ይህን ቅድሚያ ለሞዴልህ ፈጽሞ አትጠይቅላት። የሞተር ጀልባው ነጂ 1 ሜትር የሆነችውን ዕቃ ላያያት ይችላል፤ ቢያያትም የሰው ነፍስ የጫነ ጀልባ ለመጫወቻ መንገድ መልቀቅ የለበትም። ሞዴሏ ለሁሉም ትለቃለች።

ጊዜውንም አስላው። የሞተር ጀልባ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢመጣ በሴኮንድ ከ4 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ሞዴሏ በሴኮንድ 1 ሜትር ብትጨምርበት በ300 ሜትር ርቀት ላይ ያየኸው ጀልባ በ1 ደቂቃ ውስጥ ይደርስብሃል። ሞዴሏ ከመንገዱ 30 ሜትር ለመሸሽ ግማሽ ደቂቃ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ውሳኔህ በ300 ሜትር ላይ መጠናቀቅ አለበት፤ ሲቀርብ አያለሁ ማለት አይሠራም። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን የዶቨር ወሽመጥ ብንወስድ፣ ጠባቡ ሥፍራ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ በቀን ከ400 በላይ የንግድ መርከቦች ያልፉበታል፤ በመርከቦቹ መሥመር ላይ የሚያቋርጥ ሁሉ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ፣ በ90 ዲግሪ እንዲያቋርጥ ይገደዳል። ይህም በመንገዳቸው ላይ የሚቆይበት ጊዜ እንዲያጥርና ከሩቅ ሲያዩት አሳቡ ግልጽ እንዲሆንላቸው ነው። በሐይቅም ላይ ሰው የሚያመላልሱት ጀልባዎች የለመዱት መስመር አላቸው። አንድ ጧት ዳር ላይ ተቀምጠህ መስመራቸውን በወረቀት ላይ ሳለው፤ ከዚያ ሞዴሏ በዚያ መስመር ላይ ስታልፍ ቀጥ ብላ፣ ሳትልመጠመጥ እንድታልፍ ጉዞዋን አስተካክል።

አጃቢ ጀልባ ስልህ ብዙ ወጪ እንዳይመስልህ። ሞዴልህ ልትሄድበት የምትችለው ትልቁ ፍጥነት በርዝመቷ የተወሰነ ነው፤ ውሃን እየገፋ የሚሄድ የ1 ሜትር ጀልባ በሰዓት ወደ 4.5 ኪሎ ሜትር ላይ ራሱ በሚፈጥረው ማዕበል ይታገዳል። ይህን ደግሞ ጥሩ ቀዛፊ ይከተለዋል። ስለዚህ ከአስጋሪዎቹ አንዱን ከነጀልባው ለግማሽ ቀን መያዝ በቂ ነው፤ የቀን ገቢውን ጠይቀህ ከእርሱ ሳታጎድል ክፈለው፤ ውሃውንና መረቦቹን የሚያውቅ ሰውም አገኘህ ማለት ነው። በጀልባው ላይ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፦ አንድ የሚቀዝፍ፣ አንድ ሪሞቱን የሚይዝ፣ አንድ ዙሪያውን የሚቃኝ። ሪሞት የያዘ ሰው ዓይኑን ከሞዴሏ አያነሣምና ሦስተኛውን ሰው አታስቀር። ሦስታችሁም የሕይወት አድን ጃኬት ልበሱ፤ ዋና እችላለሁ የሚል ሰው ቢኖርም ይልበስ፤ ይህ ውሃ ጥልቁ ሥፍራ ላይ 88 ሜትር ይደርሳል። አጃቢው የሚሄደው ከሞዴሏ ከ15 እስከ 20 ሜትር ርቆ፣ ከኋላዋና ነፋሱ በሚሄድበት ጎን ነው። ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ከሆነ አንደኛ ነፋሷን ይከልላታል፤ ሁለተኛ አንድ ነገር ቢበላሽባት ነፋሱ ከእናንተ ያርቃታል፤ በሌላው ጎን ከሆናችሁ ግን ወደ እጃችሁ ያመጣታል።

ስለ ውሃው ራሱ የምትኖርበት አገር ስለሆነ ብዙ አልነግርህም፤ ለጉዞው የሚያስፈልገውን ብቻ ልበል። ሐይቅ በርዝመትም በስፋትም ከ6 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይርቅ፣ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ውሃ ነው። ጧት የረጋ ይሆንና ረፋዱ ላይ ነፋሱ ይነሣል፤ ከቀትር በኋላ ይበረታል። በሴኮንድ 8 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 6 ኪሎ ሜትር ውሃ ላይ ሲሮጥ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ማዕበል ያነሣል። ይህ ለአስጋሪ ጀልባ ከቁጥር የማይገባ ነው፤ የጎኗ ከፍታ 10 ሳንቲ ሜትር ለሆነች ሞዴል ግን ራሷን የሚውጥ ነው። ስለዚህ በበጋ ወራት ረፋድ ላይ፣ ነፋሱ በሴኮንድ ከ2 እስከ 4 ሜትር ሲሆን ተነሥ። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሥፍራ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በአምስት አንድ እጅ ገደማ የሳሳ መሆኑንም አስብ፤ ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ ሸራህን የሚገፋበት ጉልበት በዚያው ልክ ያንሳል፤ በባሕር ጠረፍ ያሉ ሰዎች የጻፉትን የሸራ ምርጫ ሠንጠረዥ ስታነብ ይህን ሒሳብ ውስጥ አስገባ። የነፋሱም አቅጣጫ ከፍጥነቱ ያላነሰ ይወስናል። ከጎን የሚመጣ ነፋስ ቀጥ ብለህ እንድትሻገር ያደርግሃል። ከፊት ለፊት ከመጣ ግን በ45 ዲግሪ ወዲያና ወዲህ እየተመላለስህ ስለሆነ የምትሄደው መሻገሪያው 5 ኪሎ ሜትር ቢሆን 7 ኪሎ ሜትር ይሆንብሃል፤ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር እየሄድህ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጅብሃል፤ የጀልባዎቹንም መስመር ደጋግመህ ታቋርጣለህ። እንዲህ ባለ ቀን ጉዞውን ለሌላ ቀን ማሳደር ይሻላል።

መረብ ከሞተር ጀልባ ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞዴልህ ከሆዷ በታች የሚወርደው ክንፍና በጫፉ ያለው የእርሳስ ክብደት፣ ለ1 ሜትር ባለ ሸራ ሞዴሎች ውድድር በወጣው በዓለም አቀፉ የዋን ሜትር ደንብ ልክ ከሠራሃት፣ ከውሃው ወለል እስከ 42 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ቆሮሶ የሚያጠምዱ መረቦች የላይኛው ገመዳቸው ከተንሳፋፊው በታች በዚያው ጥልቀት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ክንፉ ገመዱን ያልፍና የእርሳሱ እብጠት እንደ መንጠቆ ይይዘዋል። አስጋሪዎች ማታ የጣሉትን መረብ ጧት ያነሡታልና መረቡ ከተነሣ በኋላ መውጣት አንዱ መፍትሔ ነው። ሌላው ከክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ከእርሳሱ ከፍ ካለ ቦታ እስከ እርሳሱ አፍንጫ ድረስ ቀጭን የመንጠቆ ክር አጥብቆ ወጥሮ ማሰር ነው፤ ገመድ ሲገጥመው ወደ ጥጉ ሳይገባ ተንሸራቶ ያልፋል። ከተያዘች ግን በሪሞት አትታገል። ሸራውን ልቀቅና ቀርባችሁ በእጅ አላቁአት።

ከመነሣትህ በፊት በጀልባዋ ላይ የምትሠራቸው አራት ነገሮች አሉ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ሲጠፋ የምታደርገው ነገር ነው። አብዛኞቹ ተቀባዮች ምልክት ሲቋረጥ ሰርቮዎቹን፣ ማለት መሪውንና ሸራውን የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ ሞተሮች፣ አስቀድሞ ወደ ተወሰነ ቦታ ይመልሳሉ፤ ርካሾቹ ግን ይህን የሚያደርጉት ለሞተሩ ቻናል ብቻ ነውና ሞክረህ አረጋግጥ፦ ጀልባዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ሪሞቱን አጥፋና የሚሆነውን ተመልከት። የሸራው ገመድ ሙሉ በሙሉ እንዲለቀቅ፣ መሪውም አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ እንዲያዞር አድርገህ አስተካክለው፤ ያን ጊዜ ጀልባዋ ሸራዋ እየተርገበገበ ትቆምና በዝግታ ትንሳፈፋለች እንጂ እየሮጠች አትጠፋም። ቀጥሎ ባትሪው ነው። የሸራውን ገመድ የሚስበው ዊንች ነፋስ ሲበረታ ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠጣል፤ ባትሪው ሲደክም ቮልቴጁ በድንገት ይወርድና ተቀባዩ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል፤ ብዙ ሰው ሬዲዮ ተቋረጠ የሚለው በእውነቱ ይህ ነው። በኩሬው ላይ አንድ ሰዓት ነድተሃት ስንት ሚሊ አምፔር ሰዓት ቻርጅ እንደ ወሰደ መዝግብ፤ ለጉዞው ከሚያስፈልገው እጥፍ ያዝ። ሦስተኛው መስጠም ነው። እርሳስ የተሸከመች የ4 ኪሎ ጀልባ ውሃ ከገባባት ትሰጥማለች፤ ላለመስጠም ወደ 3 ሊትር የታሸገ አየር ያስፈልጋታል። ስምንት ባዶ የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙሶች ክዳናቸውን አጥብቀህ በሆዷ ውስጥ ከፊትና ከኋላ ብታስራቸው 4 ሊትር ይሆናሉ፤ ይህ ዋጋ የሌለው ሥራ ጀልባህን ያተርፍልሃል። የመጨረሻው ቀለም ነው፤ ሰማያዊና ግራጫ አትቀባት፤ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ይሁን፤ በምሰሶው ጫፍ ላይም ደማቅ ጨርቅ እሰር።

ከሰዎቹ ጋር የሚደረገውን ነገር የጉዞው ተጨማሪ አታድርገው። በመጀመሪያ የአስጋሪዎቹን ማኅበር ሽማግሌዎች ሄደህ አነጋግር፤ ጀልባዋን ይዘህላቸው ሂድ፤ በእጃቸው ይንኩአት፤ ከየት ተነሥተህ የት እንደምትደርስ ንገራቸው። የቀበሌውንም ፈቃድ ጠይቅ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ዳርቻ ራቅ ብለህ እለፍ፤ የአባቶች የጸሎት ሥፍራ ነውና በዚያ በኩል ለማለፍ የግድ ካለህ አስቀድመህ አስፈቅድ። ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል በሚከበርበት ጊዜ ምእመናን ስለሚበዙ ያን ሰሞን ከውሃው ላይ ውጣ፤ የገበያ ቀንንም እንዲሁ ተው። ዳር ላይ ልጆች እንደሚሰበሰቡ እወቅ፤ አንዱም ጀልባዋን ተከትሎ ወደ ውሃ እንዳይገባ የሚጠብቅ ሰው አቁም።

ልምምዱን በአንድ ጊዜ አታድርገው። መጀመሪያ ዳርቻውን ይዘህ ከአጃቢ ጋር 1 ኪሎ ሜትር ሂድ፤ ቀዛፊውና አንተ ቃል የምትለዋወጡበትን መንገድ እዚያ ትማራላችሁ። በሌላ ቀን ወደ መካከሉ 2 ኪሎ ሜትር ገብተህ ተመለስ። ያን ቀን ሆን ብለህ ሪሞቱን አጥፍተህ የምትቆምበትንና የምትንሳፈፍበትን ሁኔታ ተመልከት፤ ሌላ ጀልባም በአጠገቧ እንዲያልፍ አድርገህ ማዕበሉን እንዴት እንደምትችለው እይ። እነዚህ ሁለት ቀኖች ያለ ችግር ካለፉ ሦስተኛው ማሻገሪያህ ይሁን። በጉዞው መካከል ማዕበሉ ነጭ አረፋ ማውጣት ከጀመረ፣ ወይም ቀዛፊው እንመለስ ካለ፣ ሳትከራከር ሞዴሏን አንሥተህ ጫናት። ማዶ ከደረስህም በኋላ በዚያው ቀን በሸራ አትመልሳት፤ የመመለሻው ሰዓት ነፋሱ ከሚበረታበት ሰዓት ጋር ይገጥማል፤ ምሰሶዋን ነቅለህ፣ ሆድዋን ከፍተህ የገባውን ውሃ ለክተህ፣ በአጃቢው ጀልባ ላይ ጭነህ ተመለስ።